ስምን ደጅ ላይ ማውለቅ

ጋዜጠኝነት ስንማር ከተከለከልናቸው ቃላት አንዷ «እኔ» ነበረች። ዜና ውስጥ እኔ የለም። «እኔ እንደማስበው» ብሎ የጻፈ ተማሪ ወረቀቱ በቀይ እስክሪብቶ ቆስሎ ይመለስለታል። የሚገርመው ግን «እኔ»ን ከዜናው ውስጥ ጠራርገን ካወጣናት በኋላ ከርዕሱ ሥር አንድ ነገር ትቀራለች፤ የጸሐፊው ስም። የመጀመሪያ ጽሑፉ የታተመለት ጋዜጠኛ ጋዜጣውን ገዝቶ መጀመሪያ የሚያነበው ምን ይመስላችኋል? ርዕሱን እንዳትሉኝ።

ይህችንም ጽሑፍ ስሜ ከላይ ተለጥፎባት ነው የምታነቧት። ስለዚህ እኔነትን ስለ መተው ላወራችሁ ስነሣ ፈገግ ያላችሁ ካላችሁ አልቀየምም። እንዲያውም ነገሬ የሚጀምረው ከዚያች ፈገግታ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ «ኢጎ» የሚለውን ቃል ያልሰማ ሰው ካለ ስልኩን አጥፍቶ የከረመ መሆን አለበት። ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ቲክቶክ ላይ «ኢጎህን ግደለው» ነው። ትዳር ሲፈርስ ኢጎ ነው፣ ጓደኛሞች ሲኮራረፉ ኢጎ ነው። ገዳዩ ብዙ ነው፤ ቀብሩን ግን አላየሁም። አንዱ አሠልጣኝ ስለ ትሕትና ሁለት ሰዓት ሲያወራ ከጀርባው የራሱ ፎቶ የበር ያህል ሆኖ ተሰቅሎ ነበር።

ለነገሩ ቋንቋችን ለዚህ ነገር ቃል አላጣም። እኔነት እንላለን። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ውዳሴ ከንቱ» ይሉታል፤ የከንቱ ምስጋና ረሃብ ማለት ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን «ነፍሲያ» ይሉታል፤ ከሰው ሁሉ በፊት ከራስ ነፍሲያ ጋር መታገል ይቀድማል ይላሉ። ገበሬው ደግሞ ሁሉንም አሳጥሮ በአህያዋ አፍ ይናገረዋል፤ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል»። ሰርዶው ምን አደረጋት? ምንም። እሷ በሌለችበት ዓለም ሊለመልም መሆኑ ብቻ አናደዳት። ብዙዎቻችን ከዚህች አህያ ብዙም አንርቅም።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ቃሉ ሳይሆን ነገሩ ሥራ ስለሆነበት አገር ነው። የእናቴ ወገኖች የዳባት ሰዎች ናቸው። ከጎንደር ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ዳባት፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላ ደባርቅ ይደርሳሉ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ስለሆነች ብርዷ ጋቢ አልፎ አጥንት ይገባል።

ደባርቅ ላይ መንገድ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ተራራው ይወጣል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያው ከተማ ስለሆነ በሰላሙ ጊዜ ቱሪስቱ ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ፣ አስጎብኚና ጠመንጃ ያነገተ ጠባቂ ይዞ፣ ጓዙን በበቅሎ አስጭኖ ወደ ሳንቃበር፣ ወደ ግጭ፣ ወደ ጨነቅ ይሄዳል፤ ጉልበት ያለው ከ4,500 ሜትር በላይ እስከሆነው ራስ ዳሸን ይዘልቃል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። ከሚወጡት ፈረንጆች ብዙዎቹ «ራሴን ፍለጋ ነው የመጣሁት» ይላሉ። ራሳቸውን አግኝተው ከጭላዳ ጋር ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ። መልካም ነው፤ ለከተማውም እንጀራ ነው።

ሌላው መንገድ ሊማሊሞን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ዛሪማን፣ አዲ አርቃይን እያለ ወደ ቆላው ይገባል። በዚያ በኩል ነው ወደ ዋልድባ ገዳም የሚሄዱ መናንያን የሚወርዱት። እነሱን ፎቶ የሚያነሣቸው የለም፤ ቢያነሣቸውም ፊታቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ከአንዲት ከተማ ተነሥቶ አንዱ ራሱን ሊያገኝ ወደ ላይ፣ ሌላው ራሱን ሊጥል ወደ ታች።

ራስን መጣል ግን እንዲሁ አንድ ቀን ተነሥቶ የሚደረግ ነገር አይደለም። ከልጅነት የሚያለማምድ ትምህርት ቤት አለው፤ የቆሎ ተማሪው ሕይወት። ዳባት ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ የውሻ መከላከያ ዱላ ይዘው ደጅ ለደጅ የሚዞሩትን ልጆች። ብዙዎቹ የሚማሩት ከተወለዱበት አገር ርቀው ነው። በአገሩ የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል፤ የሚያፍርለት ዘመድ፣ የሚኩራራበት አባት አለው። እዚህ ግን የማንም ልጅ አይደለም። የሀብታም ገበሬ ልጅም ሆነ የድሃ፣ ደጅ ላይ ሲቆም ሁለቱም አንድ ናቸው።

የሚሉትን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ፤ «በእንተ ስማ ለማርያም»። ስለ ማርያም ስም ማለት ነው። ይህችን ሐረግ እንደ ጋዜጠኛ እስኪ እንያት። ማን? አልተባለም። ምን? አልተባለም። «ስጡኝ» የለም፣ «ርቦኛል» የለም፣ «እኔ» የለም። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የተጠራው አንድ ስም ብቻ ነው፤ እሱም የለማኙ አይደለም።

አክስቴ ደግሞ ከሌማቱ ቁራሽ ይዛ ትወጣለች። እሷም ስሙን አትጠይቅም። የማን ተማሪ እንደሆነ፣ ጎበዝ ይሁን ሰነፍ አትጠይቅም። የምትሰጠው ለእሱ አይደለማ፤ በመካከል ለተጠራው ስም ነው። እሱ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ያልፋል። ይህንንም በየቀኑ ስለምንለው ሳንሰማው ቀርተን ነው እንጂ ቃሉ ድንቅ ነው፤ «እኔ ልመልስልሽ አልችልም፣ ስለ እኔ እሱ ይስጥሽ» ነው። ዕዳው ከሁለቱ ትከሻ ወርዶ ሌላ ቦታ ሄደ። ሰጪዋ «እኔ ያበላሁት ልጅ» ብላ የምትኮራበት የለም፤ ተቀባዩም አንገቱን የሚደፋላት ሴትዮ የለችም። ነገ መንገድ ላይ ቢገናኙ አይተዋወቁም።

እኔ እንግዲህ እኔነትን መተው የሚባለው ነገር የገባኝ በዚህ መልኩ ነው። ራስን መጥላት አይደለም፣ ራስን መስደብም አይደለም። ስምህ ሊቆም የሚችልበትን ቦታ ለሌላ መልቀቅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ እንደምናወልቀው ማለት ነው። ጫማው አልተጣለም፤ ስንወጣ እናደርገዋለን። እዚያች ቦታ ላይ ግን አይረገጥበትም።

የቆሎ ተማሪ ሕይወት ያማረ ነው እያልኩ አይደለም። ረሃብ አለበት፣ ቅማልና እከክ አለበት፣ የሚነክስ ውሻ አለበት፣ በሽታ ይዞት ከጎጆው ያልወጣ ልጅ አለበት። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የሌላውን ደበሎ ማድነቅ ቀላል ነው። የምለው ከዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ አንዲቱን ሐረግ መዝዘን እንያት ነው።

ተማሪው ቅኔ ቤት ሲደርስ ደግሞ ፈተናው ይገለበጣል። እስከዚያ ምንም ያልነበረው ልጅ አሁን ችሎታ አለው። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስከሆነው መወድስ ድረስ ይወጣል። ሰምና ወርቁን ሲያዋሕደው ጓደኞቹ ያጨበጭቡለታል፣ የኔታም ደስ ይላቸዋል። ልቡ ማበጥ ይጀምራል። የቅኔ ሰው ኩራት ደግሞ አይጣል ነው! ግን የቅኔ ሥርዓት ለዚህም መላ አለው። ቅኔ ለዕለቱ በዓል አዲስ ሆኖ ይቀርባል፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ ደግሞ ማለት ነውር ነው። በሕይወትህ ያገኘኸውን ትልቁን ቅኔ አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ማለዳ፣ ለእግዜር ብለህ ትለቀዋለህ። ሰሚ ካልያዘው በቀር ከዕጣኑ ጋር ወጣ ማለት ነው። እኛ አንዲት ፌስቡክ ላይ የለጠፍናትን ነገር ከዓመት በኋላ «ትዝታ» ብለን መልሰን የምንለጥፍ ሰዎች ይህንን ስንሰማ ትንሽ ሊሰቀጥጠን ይገባል።

ከሊማሊሞ በታች ሲደረስ ልምምዱ ያበቃል፤ እዚያ እውነት ነው። ዋልድባ እህል አይዘራበትም፤ መነኮሳቱም እህል አይቀምሱም፤ ከተቀቀለ ሙዝና ከመሳሰለው የሚዘጋጀውን ቋርፍ ይመገባሉ። አዲስ የሚገባው ሰው ዲግሪም ይኑረው ማዕርግ በአመክሮ ጊዜው ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሸከማል፣ የታመመ ሽማግሌ ያስታምማል። ሲመነኩስ ደግሞ የሙታን ጸሎት፣ ፍትሐት ይደገምለታል። በቁሙ እየሰማ! ለዓለም ሞቷልና። ቀድሞ የሚጠራበት ስም እዚያው ይቀራል፤ ሌላ ስም ይሰጠዋል።

ይህ ነገር የአንድ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም። በዚሁ በሰሜንና በወገራ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤሎችም መነኮሳት ነበሯቸው። በአይሁድ ዓለም የማይታወቀውን ይህን ሥርዓት የመሠረቱት በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት አባ ሰብራ እንደሆኑ ይነገራል። ተራራው ራሱ ሰውን ዝም የሚያሰኝ ሳይሆን አይቀርም።

የገዳሙ አባቶች የዋሆች ግን አይደሉም። መነኩሴ ከሚማራቸው መጻሕፍተ መነኮሳት፣ ከማር ይስሐቅ፣ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ፣ ደጋግመው የሚያስጠነቅቁበት አንድ ነገር ያ ውዳሴ ከንቱ የተባለው ነው። ሌላው ኃጢአት ስትደክም ያገኝሃል፤ ይህኛው ስትበረታ ነው የሚመጣው። ስትጾም «ጾምኩ» ይልሃል፤ ስትደበቅ «አቤት አደባበቅ» ይልሃል። ትሕትናህ ራሱ አዲሱ ካባህ ይሆናል።

ሰሜን የመናንያን ብቻ አገር እንዳይመስላችሁ ደግሞ ከተራራው ማዶ ጃናሞራ ውስጥ ደረስጌ ማርያም አለች። ያሠራት የሰሜኑና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነው። ያሳነጻት ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ሊነግሥባት አስቦ እንደነበር ይነገራል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. እዚያው ደረስጌ ላይ ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ተዋጋና ተሸነፈ። ከድሉ በኋላ በቀናት ውስጥ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ዘውድ ጫኑ፤ በካሣ ራስ ላይ። ካሣም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። ውቤ እስረኛ ሆኖ ቀረ። ለራሱ ስም ያሠራት ቤት የሌላ ሰው ስም መጠመቂያ ሆነች። ግን ልብ በሉ፤ ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ በማንም ስም አልተጠራችም። የማርያም ነው የምትባለው። እንደገና ያች ስም።

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ደስ የሚል ነው። አሁን ወደማይዋጥልኝ ልምጣ።

የአክስቴ ልጅ በ2010 ዓ.ም. መነነ። አካውንቲንግ ተምሮ የተመረቀ፣ ሥራ የያዘ፣ የቤቱ ታላቅ ልጅ ነበር። አንድ ጠዋት ለሥራ እንደሚሄድ ሰው ወጥቶ በሊማሊሞ ወረደ። ደብዳቤው የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ መመንኮሱ ተሰማ። እንግዲህ አስቡት፤ ልጇ በሕይወት አለ፤ ፍትሐት ግን ተደርጎለታል። ታልቅስ ወይስ እልል ትበል? ጎረቤት «እንኳን ደስ አለሽ» ሊላት መጣ። እሷ ቡና አፈላችላቸው።

እኔ ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ ተናድጄ ነበር፤ ዛሬም ንዴቱ ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። እሱ እኔነቱን ጣለ ተባለ። ደመወዙን ጣለ፤ የታናናሾቹ የትምህርት ወጪ እሷ ላይ ወደቀ። ስሙን ጣለ፤ እሷ «የማን እናት» ተብላ ትጠራበት የነበረው ስም ተወሰደባት። እሱ የጣለውን ሁሉ ያነሣችው እሷ ናት። የአንዱ መንፈሳዊነት በሌላዋ ጀርባ ላይ የተጫነ ከሆነ ትልቁ «እኔ» የማን ነው?

ሌላም አለ። መነኩሴ «አንቱ» ነው። አንድ ጊዜ ለገዳሙ ጉዳይ ደባርቅ መጥቶ መናኸሪያው አጠገብ ተገናኝተው ነበር። በማኅፀኗ የተሸከመችውን፣ «አንተ ልጅ!» እያለች በጨርቅ አርጩሜ ያባረረችውን ልጅ «አባ፣ እንደምን አሉ?» አለችው። እሱ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ፣ እሷ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ፤ ማን ቀድሞ እንደሚዋረድ ሲሽቀዳደሙ ግንባራቸው ተጋጨ። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው። እኔ ግን አልሳቅሁም። እኔነቱን ጥሎ አንቱ የሆነ ልጅ፤ ምንም ሳትጥል ልጇን ያጣች እናት።

«እታለም፣ አልተቀየምሽውም?» አልኳት።

«ተቀየምኩት እንጂ! እንዴት አልቀየመው?» አለችኝ። ቀጥላም «ግን እኔ ቂሜን ይዤ ስቆም ደጅ ላይ ያለው ተማሪ ይበርደዋል» አለች።

ከዚህ በላይ ማብራሪያ አልሰጠችኝም። ኩርፊያዋን ፈትታ ጨርሳ አይደለም በሩን የምትከፍተው። ኩርፊያው ውስጧ አለ፤ እጇ ግን ቁራሹን ይዞ ይወጣል። ልጇ ሲሄድ መንገድ ላይ እሱንም ያበላው ሰው እንዳለ ታውቃለች፤ ስሙን ግን አታውቅም። ያን ያልታወቀ ሰው በሌላ ሰው ልጅ ትከፍለዋለች።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር ሲገባ ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ በኩል የተፈናቀሉ ሰዎች ሊማሊሞን ወጥተው ደባርቅና ዳባት ገቡ። ከሊማሊሞ ማዶ ያለው አገር ስለተዘጋ የአባ ወሬ ለወራት አልተሰማም፤ ይኑር ይሙት አይታወቅም። በነሐሴ መጨረሻ በዚያው በዳባት ወረዳ ጭና በሚባለው ቦታ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በዚያ ሁሉ መካከል አክስቴ ቤት ከታች የመጣ አንድ ቤተሰብ ነበር፤ አምስት ሰው። ብዙ ቤቶች እንዲህ ነበሩ። በኋላ ስለ ጦርነቱ ብዙ ተጻፈ፤ የጄኔራሎቹ ስም ተጻፈ፣ ዕርዳታ ያመጡት ድርጅቶች ዓርማ በየድንኳኑ ታተመ። ማን ማንን በየትኛው ጓዳ እንዳስተኛ ግን የተጻፈበት መዝገብ የለም። አክስቴም አልመዘገበችም። «ስንት ወር ቆዩ?» ስላት ማሰብ ነበረባት።

ያን ጊዜ ነው የቤታችን መናኝ ማን እንደሆነ መጠራጠር የጀመርኩት።

ቅድስት ላደርጋት አይደለም፤ እንዲያውም አትወድም። የባሕር ዛፍ ድንበር ላይ ከጎረቤቷ ጋር ከተነሣች አንዲት ክንድ መሬት አትለቅም። «እኔን ነው?» ስትል መንደሩ ይሰማል። ግን በሩ ላይ ስሟን ታወልቃለች። ድንበሩ ላይ ትለብሰዋለች። አሁን ሳስበው ሁለቱንም ያወቀችበት ይመስለኛል።

ይህንን የምለው ለእኛ ለሴቶች ስለሚያስፈልገን ነው። ትሕትና የሚሰበከው ብዙ ጊዜ ለማን እንደሆነ አስተውላችኋል? ለሴት ልጅ፣ ለሠራተኛዋ፣ ለታናሽ፣ ለድሃ። «ተዪው፣ አንቺ ትሻያለሽ»፤ «ዝም በይ፣ ትሕትና ነው»። ገና «እኔ» ብላ ለማታውቅ ልጅ «እኔነትሽን ተዪ» ይባላል። ያልያዙት ነገር አይለቀቅም። ስለዚህ እኔ አንድ መለኪያ አበጅቻለሁ፤ የዚህ ትሕትና ዋጋ ለማን ገቢ ይሆናል? ደጅ ላይ ለሚበርደው ከሆነ እሰየው። ቤት ውስጥ ተደላድሎ ለተቀመጠ ሰው ኩራት ከሆነ ግን ስሙ ሌላ ነው።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ታሪክ የምወደውም ለዚህ ነው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በልጅነቷ ስዊዘርላንድ የተማረች፣ ካይሮ ሄዳ ቫዮሊንና ፒያኖ ያጠናች የውብዳር ነበረች። ወደ ለንደን ሄዳ ሙዚቃ እንድትማር የተገኘው ዕድል ሲከለከልባት ልቧ ተሰበረ፤ በኋላ ግሸን ማርያም ገብታ መነኮሰች፤ ዓመታት በባዶ እግሯ ኖረች። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ «ተሰጥኦዋን ቀብራ ቅድስት ሆነች» ብለን እናዝን ነበር። አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጎንደር ሳሉ ዜማ የሚማሩትን፣ ደጅ የሚያድሩትንና ለምነው የሚበሉትን ተማሪዎች አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ፒያኖ ነው። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ታተመ፤ ገቢው ለድሆች እንዲሆን። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ እስኪያርፉ ድረስ ሙዚቃቸው ዓለምን ዞሯል፤ እሳቸው ግን ገዳም ውስጥ ነበሩ።

ተሰጥኦን መጣል አይደለም ማለት ነው ነገሩ። ተሰጥኦው በአንቺ በኩል አልፎ ለሌላ ሰው እንዲደርስ በሩ ላይ አለመቆም ነው። ብዙዎቻችን በር ላይ ቆመን ነው የምንሰጠው፤ መጀመሪያ እኛን እዩን ብለን።

ወደ ስም ልመለስና ላብቃ። በዚህ ዘመን ነገሩን በትክክል ገልብጠን ይዘነዋል። አንድ ኩንታል ዱቄት ስንሰጥ ስማችንን እንለብሳለን፤ ካሜራ አስቁመን፣ ባነር ዘርግተን፣ የተቀባዩን ዕንባ በቅርብ አስቀርጸን። ሰው ስንሳደብ ደግሞ ስማችንን እናወልቃለን፤ የአበባ ፎቶ ለጥፈን፣ በሐሰት ስም ገብተን። ስንሰጥ ማን እንደሆንን ዓለም ያውቃል፤ ስናቆስል ማንም አያውቀንም። አክስቴ ከዚህ ተቃራኒ ናት። ደጅ ላይ ማንም አይደለችም፤ ለተናገረችው ነገር ግን ድንበሩ ላይ በሙሉ ስሟ ቆማ ትጠየቃለች።

ስለዚህ አንዳንዶች «እንግዲያው ስምሽን ከጽሑፍሽ ላይ አንሺያ!» ብትሉኝ፣ አላነሣም። ስም ከጽሑፍ ላይ የሚቀመጠው ለክብር ብቻ አይደለም፤ ውሸት ከጻፍኩ የምትይዙት ሰው እንዲኖር ነው። ስም የሚወልቅበትም የሚለበስበትም ቦታ አለው። ስንሰጥ እናውልቀው፣ ስንጠየቅ እንልበሰው።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ሞክሩ። ለአንድ ሰው አንድ ነገር አድርጉለት፤ እናንተ መሆናችሁን እንዳያውቅ አድርጋችሁ። ከዚያ ለማንም አትንገሩ። ለጓደኛ አይደለም፣ ለፍቅረኛ አይደለም፣ ለንስሐ አባትም አይደለም። ሐሙስ ገደማ ምላሳችሁን ሲበላችሁ ታውቁታላችሁ። ያ የሚበላችሁ ነገር ነው እንግዲህ ቲክቶክ ላይ ሁሉም ገደልኩት የሚለው።

ቸር ሰንብቱ።